ድንቡሼ ሥራ ላይ ናት

ልብስ ሰፊዋን በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ "ክብሪት" ነው የሚሏት። ቀጭን ናት፣ ረጅም ናት፣ እሳቱ ያለው ደግሞ ጭንቅላቷ ላይ ነው። ውሃ ቀጠነ ብላ ትጣላለች እያሉ የሚያወሩባት ሐሜተኞች ናቸው እንጂ ክብሪት ያለ ምክንያት ተጣልታ አታውቅም። ሠርጌ ነገ ነው ብሎ ዛሬ ጨርቅ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ምክንያት ነው። ልኩን ስትወስድ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ትንፋሹን ይዞ የሚቆም፣ ልብሱን ሲረከብ ደግሞ ትንፋሹን ለቆ "ጠበበኝ" የሚል ጎልማሳ ምክንያት ነው። "ትንሽ ብቻ ነካ አድርጊው" ብላ ሙሉ ቀሚስ አስፈትታ እንደ አዲስ የምታሰፋ ሴትም ምክንያት ናት። እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ የማይቆጣ ሰው ካለ ወይ ቅዱስ ነው ወይ ተኝቷል።

ሱቋ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በሩ አጠገብ የስፌት መኪናዋ፣ ከኋላ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ መካከል ላይ ደንበኛ የሚቆምባት ዝቅ ያለች የእንጨት መቆሚያ። ከመኪናዋ ሥር፣ ከፔዳሉ ራቅ ብሎ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሞላ ትልቅ ካርቶን አለ። ልጇ ያደገችው እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው። ጉንጯና ክንዷ ድንቡሽቡሽ ስላለ ድንቡሼ አሏት፤ አራት ዓመት ሞልቷት ወገቧ ቢቀጥንም ስሙ አልለቀቃትም። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ይተኛል፣ ሲነቃ ይሄዳል።

ክብሪት ስትሠራ ስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ ነው። ለስፒል መሰኪያ የሚሆን ትንሽ ትራስ የሰጣት ሰው ነበር። "እጄ እዚያ ደርሶ እስኪመለስ ይመሻል" ብላ መስኮቱ ላይ ወረወረችው፤ ዛሬ የዝንብ መናኸሪያ ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ አፏ ዝግ ነው። ዝግ ይሁን እንጂ ዝም አትልም፤ በአፍንጫዋ ታወራለች። "እም?" ብላ ወደ ላይ ስታነሳው "አምጣልኝ" ማለት ነው። "እምምም" እያለ ወደ ታች ሲወርድ "ቆይ፣ አትንካው" ነው። አጠር አጠር ያለ "እም እም" መቀስ ነው። መቆሚያዋ ላይ ያለው ደንበኛ ዞር እንዲል ስትፈልግ ደግሞ ድምፁን ታስረዝምና አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። ልብስ ተኳሹ ሽማግሌ፣ ሁሉም "ጋሼ" የሚሏቸው፣ ይህን ቋንቋ አንድም ሳይስቱ ይሰሙታል።

ሥራ መካከል ስፒሎቹ ከአፏ ከወጡ ግን ነገር አለ ማለት ነው። አንድ በአንድ ከከንፈሯ እየነቀለች ደረቷ ላይ ትሰካቸዋለች፤ ጋሼ ያንን ሲያዩ ካውያቸውን ይዘው ወደ ጥግ ፈቀቅ ይላሉ። ነገር የገባው ደንበኛ ጥፋቱን ሳያውቅ ይቅርታ መጠየቅ ይጀምራል። ያልገባው ደግሞ ወዲያው ይገባዋል፤ አስተምራ ነው የምትልከው።

እንግዲህ ድንቡሼ አፏን የፈታችው እዚህ ቤት ነው። ከ"እማ" በፊት የተናገረችው "እም?"ን ነው። ካርቶኗ ውስጥ ሆና እጇን እየዘረጋች "እም?" ስትል ጋሼ ባለ ቀለም ቁርጥራጭ ያቀብሏታል፤ የተሳሳተ ቀለም ከሆነ "እምምም" ብላ ትመልስላቸዋለች። ጋሼ በሳቅ ካውያቸውን ረስተው የሰው ሸሚዝ ያቃጠሉበት ቀን አለ። ያን ቀን ስፒሎቹ ወጡ።

ቃል ስትጀምር ደግሞ ማቆሚያ አልነበራትም። ማታ ቤት ገብታ እስክትተኛ ምላሷ አያርፍም። የምታወራው ግን በሱቁ ቃል ነው፤ ሌላ ከየት ታምጣ? የሰፈር ልጅ ኳሷን ሲቀማት "እተረትርሃለሁ" ብላ አሳደደችው። ከጠገበች "ሆዴ ጠቦኛል፣ ልቀቂልኝ" ትላለች። አባቷ መጥቶ "ስንት ነው የምትወጂኝ?" ሲላት ከእናቷ አንገት ላይ ሜትሩን ጎትታ እስከ ጫፉ ዘረጋችለትና፣ "እስኪያልቅ። ከዚያ ሌላ ሜትር ትገዛለህ" አለችው። ሲከፋት ከካርቶኗ ወጥታ ወደ ጋሼ ትሄዳለች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ተጨማድጃለሁ።"

"የት ጋ ነው የተጨማደድሽው፣ የኔ እመቤት?"

"ውስጥ ጋ።"

ጋሼ መዳፋቸውን በካውያው ትኩሳት ሞቅ አድርገው ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀስ ብለው ይደባብሷታል። ትንሽ ትቆምና፣ "በቃ፣ ተስተካከልኩ" ብላ ትመለሳለች።

መዋዕለ ሕፃናት የምትገባበት ጊዜ ደረሰ። የመጀመሪያው ጠዋት በሩ ላይ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አልለቅም አለች። ክብሪት ልጅ ማባበል አታውቅበትም፤ እንደ ትልቅ ሰው ነው ያነጋገረቻት። "ስሚ። እኔ ሱቅ ሄጄ እሠራለሁ። አባትሽ መኪና ላይ ይሠራል። ትምህርት ቤት ደግሞ ያንቺ ሥራ ነው። ሰው ሥራውን ያከብራል፤ ገባሽ?" ድንቡሼ አሰበች፣ አሰበችና ቀሚሱን ለቀቀች። ለቅሶ የለ፣ ዞሮ ማየት የለ፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ገባች። ክብሪት ሱቅ ስትደርስ ለጋሼ፣ "የሰው ልጅ እየተንፈራፈረ ያለቅሳል፤ የኔ ልጅ እንደ ሠራተኛ ነው የገባችው" ብላ ኮራች።

ኩራቱ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልትወስዳት ስትሄድ መምህርቷ ግቢው በር ላይ ጠበቀቻት። ወጣት ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሕፃን ጫጫታ ሲጋልበው የዋለ ፊት አላት። ሌሎች እናቶች በቆሙበት፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ "ስለ ልጅሽ እናውራ" አለቻት።

"ምን ሆነች?"

"አትናገርም። ከገባች ጀምሮ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም። ጆሮዋ ይሰማል?"

"የኔ ልጅ?" አለች ክብሪት። "ድንቡሼ? አንቺ የምታወሪው ስለ ሌላ ልጅ ነው።"

"ስለ እሷ ነው። ያገኘችውን እርሳስ ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች፣ ታጉረመርማለች እንጂ አትናገርም። ሌሎቹም ከእሷ እየለመዱ ነው። ዳይሬክተሯ እስከ ዓርብ ለውጥ ካላየን ሐኪም እስኪያያት ቤት ትቆይ ብላለች።"

የክብሪት ደም ፈላ። አንዷ እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ስትይዝ፣ ዝምታው እንደ ጉንፋን ይተላለፍ ይመስል፣ በዐይኗ አየቻት። "ልጄ ዲዳ ናት ነው የምትይኝ?" አለች። መምህርቷ "እንደዚያ አላልኩም" አለች፤ ክብሪት ግን የሰማችው ያንን ነው፤ ግቢው በር ላይ የተባለው ሁሉ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተሰማ።

ንዴቷ ሥር ነበረው። ክብሪት ራሷ በልጅነቷ "አፈኛ" ተብላ ነው ከክፍል የወጣችው። አስተማሪው ያላደረገችውን አድርገሻል ሲላት መለሰችለት፤ ደግማ መለሰችለት፤ በሦስተኛው ቤቷ ላኳት፤ ቤቷም የስፌት መኪና ጠበቃት። አሁን ደግሞ ልጇ አፍ የላትም ተብላ ልትመለስ ነው። እናቲቱ ስለተናገረች ትባረራለች፣ ልጅቱ ስላልተናገረች ትባረራለች። ለአፈኛም ለዝምተኛም ቦታ ከሌለ ማንን ነው ታዲያ የሚያስተምሩት?

በዚህ ላይ ወሬው ቤት ድረስ ቀድሟት ገባ። የባሏ እህት ማታ መጥታ ሳትቀመጥ፣ "በእኛ ዘር እንኳ እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለች። ችግር ሲመጣ ዘር የሚቆጥር ሰው አይጠፋም፤ ውሃ የሚያቀብል ነው የሚጠፋው። ክብሪት በሩን ከፍታ አሳየቻት። እህቲቱ ወጣች፤ ስትወጣም "ለምክሬ ይህ ነው ምላሹ?" እያለች ነበር።

ክብሪት ልጇን በገንዳ እያጠበች ጠየቀቻት።

"ትምህርት ቤት ትናገሪያለሽ?"

"እናገራለሁ።"

"ምን ትያለሽ?"

"ቀለም ስጡኝ እላለሁ። ቆዩ እላለሁ። ሽንቴ መጣ እላለሁ።"

"ለቲቸርም ትያታለሽ?"

"እላታለሁ። እሷ ግን አይገባትም።" ድንቡሼ ሳሙናውን ከጉንጯ ላይ ጠረገች። "ልጆቹ ግን ይገባቸዋል።"

በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ። ድንቡሼ ዋሽታ አታውቅም፤ ስለዚህ የዋሸችው መምህርቷ ናት። ክብሪት በማግስቱ ጠዋት ስፒሎቿን ሳትነክስ ጋሼን ያዘቻቸው። "ልጄን ጠልታት ነው። ልብሷን አይታ ይሆናል፣ የሱቅ ልጅ ናት ብላ ይሆናል። ሰው ሲጠላ ጆሮው ይደነቁራል።"

ጋሼ የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሱ ሰሟት። "አንቺ ራስሽ ምን ትያለሽ ለደንበኛ?" አሏት። "አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ አይደል የምትይው? ይህን ነገር መቼ ለካሽው? ሂጂና በዐይንሽ እዪ።"

"ሥራ አለብኝ" አለች። ስፒሎቿን ነከሰች፤ እስከ ምሳ ሠራች፤ ከምሳ በኋላ መቆሚያዋ ላይ ወደ ወጣው ደንበኛ ተንበረከከች፤ የሱሪውን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። አንዱን እግር ሰክታ ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ። ነገሩ ውስጧ እየተንተከተከ ነበር፤ ድንገት ገነፈለ። አንድ በአንድ ስፒሎቹን ነቅላ ደረቷ ላይ ሰካቻቸው። ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። "ይቅርታ" አለ፣ "ተንቀሳቀስኩ መሰለኝ።" ክብሪት አልሰማችውም፤ ጨርቄን ማቄን ሳትል ወጣች። ሰውየው አንድ እግሩ አጭር አንድ እግሩ ረጅም ሆኖ እዚያው ቀረ፤ ጋሼ ወንበር ሰጡት።

መንገዱን ሙሉ ንግግሯን አዘጋጀች። ሕፃን ልጅ በሰው ፊት ይዋረዳል ወይ ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ዳይሬክተሯ ጋ ትሄዳለች። ከዚያ የሚመጣው ይምጣ። ግቢው ስትደርስ ዘበኛው ፊቷን አይቶ ወዴት ነሽ ሊላት አልደፈረም። በኮሪደሩ አልፋ የድንቡሼ ክፍል መስኮት ጋ ደረሰች፤ ውሸታሟን እጅ ከፍንጅ ልትይዛት ቆማ ወደ ውስጥ አየች።

ድንቡሼ ፊት ለፊት ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ተቀምጣ ወረቀት ታጥፋለች። ከንፈሯ መካከል ሦስት የቀለም እርሳሶች ተነክሰዋል። ከወረቀቱ ቀና ሳትል "እም እም" አለች፤ ፀጉሩን የተላጨ ወንድ ልጅ መቀሱን አቀበላት። ወዲያ ማዶ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ልትነካ ስትል "እምምም" አለች፤ ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ልጆችም እርሳስ ነክሰዋል፤ እርስ በርስ እየተሟገቱ ነው፣ በአፍንጫቸው። ክፍሉ ሙሉ ሥራ ላይ ነበር፤ የማይገባት መምህርቷ ብቻ ናት።

መምህርቷ አጠገቧ በርከክ አለች። "ድንቡሼ፣ የኔ ቆንጆ፣ ምን ልስጥሽ? በአፍሽ ንገሪኝ።" እርሳሶቹን ቀስ አድርጋ ከከንፈሯ አወጣችላት። ድንቡሼ ሳትከፋ፣ በትዕግሥት፣ መልሳ ነከሰቻቸው፤ ከዚያ ረጅም ድምፅ አወጣችና አንገቷን ሰበር አደረገች፤ ዞር በይልኝ ማለቷ ነው። መምህርቷ ዐይኖቿን በእጆቿ ጀርባ ጠረገች። ልጅ የጠላ ሰው እንደዚያ አይጠርግም፤ ክብሪት ይህን አየች፣ ማየቱንም አልወደደችውም።

ይበልጥ ያናደዳት ግን ሌላው ነው። አንገቷን የሰበረችው አሰባበር የራሷ ነው። ቅንድቧን ያነሳችው አነሳስ የራሷ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተጎነበሰችው ራሷ ክብሪት ናት፣ በጨርቅ ቁራጭ እንደተሠራ ናሙና አንሳ። አሁን ማንን ትሰድባለች? መጥቼ በባዶ አልመለስም በሚል እልህ ብቻ በሩን ገፋችው።

መምህርቷ ተነስታ ቆመች፤ የጠብ መልስ ለመመለስ ደረቷን አዘጋጀች። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። ድንቡሼ እናቷን አይታ ፊቷ በራ፣ ግን እጇን አነሳችና "እምምም" አለች።

"ቆይ የለም" አለች ክብሪት። "አውጪው ከአፍሽ።"

ድንቡሼ ተነፈሰች። እርሳሶቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እየነቀለች ደረት ኪሷ ውስጥ ሰካቻቸው። "እማ፣ ምን ሆነሻል?" አለች ጥርት ባለ ድምፅ። "ሥራ ላይ ነኝኮ። ሥራ እያስፈታሽኝ ነው።"

መምህርቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያንን ድምፅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

"እንዲህ እየተናገርሽ" አለች ክብሪት፣ "ለቲቸር ለምን አትናገሪያትም?"

"እናገራታለሁ።"

"በአፍሽ ነው የምልሽ። አፍሽን ከፍተሽ።"

ድንቡሼ ነገር የማይገባው ደንበኛ እንደሚታይ አየቻት። "ምን አደረገችኝ ብዬ?"

"እንዴት ምን አደረገችኝ?"

"አንቺ ሥራ ላይ ስፒሉን የምታወጪው ልትቆጪ ስትይ ነው። አፍሽን ከፍተሽ ትቆጫለሽ፣ ከዚያ ትዘጊያለሽ።" ወደ መምህርቷ ዞራ ፈገግ አለችላት፤ ወደ እናቷ ስትመለስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔ ቲቸርን አልተቆጣኋትም። እወዳታለሁ። ለምን አፌን እከፍትባታለሁ?"

ክብሪት በዕድሜዋ ተሰድባለች፤ ታምታለች፤ ፊት ለፊት ጨርቅ ተወርውሮባታል። ለሁሉም መልስ ነበራት። ይህ ግን ስድብ አልነበረም። ፊቷ ነደደ፣ ጆሮዋ ሥር ድረስ ተቆጣች፤ ቁጣዋ ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ሰው አጣና ራሷ ላይ ወደቀ። ልጇ ለአስተማሪዋ ዝም ያለችው አክብራት ነው። ለፍቅር ሲባል አፍ እንደሚዘጋ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ በዓመታት፣ አንድ ቀን ሳታጓድል፣ በዚያች ጠባብ ክፍል። ለጋሼ እንኳ፣ ስንት ሸሚዝ አብረው ሠርተው፣ ሥራ ላይ አንድ ደግ ቃል ብላቸው ታውቃለች? አስታወሰች፣ አላገኘችም።

ልጆቹ ይጠብቃሉ። ድንቡሼም ትጠብቃለች። አንድ ነገር መናገር አለባት፤ ቁጣ ያልሆነ፣ አሁን፣ እዚሁ፣ ሥራ ላይ። ለመምህርቷ ዞረችና፣ "እንዴት ዋልሽ" አለቻት።

ቃሉ ሰላምታ ነበር፤ ድምፁ ጠብ ነበር። ወንዱ ልጅ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

"አሁንም ተቆጥተሻል" አለች ድንቡሼ።

"አልተቆጣሁም።"

"ድምፅሽ ተቆጥቷል።"

ክብሪት ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ የሰው ሱሪ ጫፍ ልታጥፍ ስትል እንደምትንበረከከው፤ ከልጇ ቁመት ጋር እኩል ሆነች። ጉሮሮዋን ጠረገች። በሱቁ ውስጥ አንድም ሰው ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣ እየከበዳት፣ "እንዴት ዋልሽ፣ እህቴ?" አለች።

"ደህና ዋልኩ" አለች መምህርቷ። ድምፅዋ ሊሰበር ምንም አልቀረውም። "አንቺስ እንዴት ዋልሽ?"

ድንቡሼ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ማንም አልጮኸም፤ ማንም በሩን ከፍቶ አልወጣም። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች።

"ቲቸር" አለች፣ "እንዴት ዋልሽ? ቀዩ አልቋል፤ ሌላ ስጪኝ።"

መምህርቷ ቀዩን ልታመጣ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች፤ እርሳስ ነክሰው የነበሩት ልጆችም እያወጡ "ለእኔም ቲቸር፣ ለእኔም" ማለት ጀመሩ። ክብሪት እዚያው ወለሉ ላይ ቆየች። እስከ ዛሬ ከወደቀችበት ሁሉ ያነሳት ቁጣዋ ነበር፤ አሁን ፈልጋ አጣችው። ድንቡሼ ይህን አይታ ሥራዋን ትታ መጣች፤ እጇንም ሰጠቻት።